ምልክት የሌለው መደብ

በ2071 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ሰው ከአልጋው እንደወረደ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መዳፉን ግድግዳው ላይ ማሳረፍ ነው። ግድግዳው ላይ የስኒ ማስቀመጫ የምታክል ጠፍጣፋ ብረት አለች። ብረቷ የልብ ትርታውን ታዳምጣለች፤ ከዚያ ጠባቂው የሚሉት መሣሪያ በለሰለሰ ድምፅ "እንደምን አደሩ?" ይለዋል። ከቤት ሲወጣም ይኸው ጠባቂ ክንዱ ላይ በታሰረ አምባር ይከተለዋል። የተቆጣ፣ የደነገጠ ወይም ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ያደረ ሰው በዚያን ቀን አክሲዮን አይገዛም፣ አይሸጥም። ያዘነ ሰው ደግሞ ሂሳቡ ለሦስት ቀን ይዘጋል። ሕጉ የወጣው ለሰዉ ታስቦ ነው። ተናዶ የገዛና አልቅሶ የሸጠ ምን እንደሚሆን ያላየ የለም።

ሰዉም ለምዶታል። መርዶ ሊያረዱ የሚሄዱ ሽማግሌዎች አስቀድመው በጎረቤት በኩል "ዛሬ ገበያ ላይ ጉዳይ አለው ወይ?" ብለው ያስጠይቃሉ። ጉዳይ ካለው መርዶው ለማግስቱ ይተላለፋል። ባልና ሚስትም ጠባቸውን ለቅዳሜ ያቆዩታል፤ ቅዳሜ ገበያው ዝግ ነው።

የካቲት አሥራ ስምንት ቀን ጠዋት ሶልያና ይመር መዳፏን ብረቷ ላይ አሳርፋ፣ ዐይኗን ጨፍና ስለ ጎመን ታስብ ነበር። ስለ ጎመን ማሰብ ልብን ያረጋል ያለቻት ጎረቤቷ ኢክራም ናት። ሶልያና ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ስሟ ለአሮጊት አይመስልም የሚል ካለ፣ በእሷ ጊዜ የተወለደችው ሁሉ ሶልያና ወይም ኤልዳና ነበረች፤ ዛሬ ሰፈሩን የሞሉት ባለ ከዘራ አሮጊቶች እነዚያው ናቸው።

"እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሶልያና?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ዛሬ የሚያስቡት ነገር አለ?"

"ጎመን።"

ጠባቂው ትርታዋን ቆጠረ። "ልብዎ ረጋ ብሏል። የአራት ሰዓቱ ቀጠሮዎ ጸንቷል" አላት።

ይህ ሦስተኛው ቀጠሮ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ለፈተና ወደ ጥበቃ ቢሮው ስትሄድ በሟቹ ባልደረባዋ በመምህር ናሆም ደጅ አለፈች፤ ጫማዎቹ ከበሩ ሥር እንደተደረደሩ አየቻቸውና ዕንባዋ መጣ፣ ሂሳቧ ተዘጋ። በሁለተኛው ጊዜ ቤቷ ቁጭ ባለችበት የእሱን ሳል የሚመስል ሳል ከመንገድ ሰማች፤ ያም ለመዘጋት በቃ። ነገ የናሆም ዐርባ ነው። ሕጉ ደግሞ "ባለፈቃዱ በሞተ በዐርባ ቀን ውስጥ ተተኪ ካልተገኘ የያዘው ይሸጣል" ይላል። ዐርባን ከየት እንዳመጡት አይታወቅም፤ አርቃቂዎቹም የለቅሶ ቤት ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ናሆም ምን ይዞ እንደነበር ለማወቅ ሃያ አንድ ዓመት ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የፈትል ክፍል አሥራ ሁለት ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ ሰባቱ ክርስቲያን፣ አምስቱ ሙስሊም። ለፋሲካ ሰባቱ አንድ በሬ ገዝተው ቅርጫ ይገባሉ፤ ለአረፋ አምስቱ የራሳቸውን ያርዳሉ። ወሎ ነውና ሠርጉም ለቅሶውም አንድ ላይ ነው፤ ሥጋው ብቻ ለየብቻ ነው። ይህ ነገር ኢክራምን ይቆጫት ነበር። "አንድ በሬ አብረን ሳንበላ ልናረጅ ነው" ትላቸው ነበር።

ናሆም ከእነሱው አንዱ ሆኖ ከሥራ በኋላ ለሠራተኛው ልጆች ሒሳብ ያስተምር ስለነበር መምህር የሚለው ስም እንደተለጠፈበት ቀረ። ሰው ገበያውን ምን ያህል እንደሚያውቅ የሚለካው የመረዳት ደረጃው ስድስት ነበር። ሌሎቹ ሁለትና ሦስት ነበሩ። ደረጃው ከአምስት በታች የሆነ ሰው የውጭ ጥቅል መግዛት አይፈቀድለትም፤ ጥቅል የሚሉት በሌላ አገር ያሉ የብዙ ኩባንያዎች አክሲዮን አንድ ላይ ታስሮ ሲሸጥ ነው። ለዝቅተኛ ደረጃ የተፈቀደው የሀገር ውስጥ ሰነድ ብቻ ሲሆን እሱም ባለቤቱ ሰማንያ ዓመት እስኪሞላው አይነካም።

አንድ ቀን በምሳ ዕረፍት ናሆም "ቢላዋ የማይነካው በሬ አገኘሁላችሁ" አላቸው። ባርኮ የሚያርድ የማያስፈልገው፣ ሁላቸውም ሊበሉት የሚችሉት በሬ። ገንዘባቸውን አዋጡ፤ እሱ በስሙ ገዛላቸው፤ ያን ጊዜ ይህ ይፈቀድ ነበር። በጥቅሉ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ኩባንያዎች ነበሩ። የስማቸውን ዝርዝር በወረቀት አትሞ ሲያመጣላቸው፣ ቅርጫ የለመደ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ። ወረቀቱን በመቀስ ቆራረጡት፣ ሦስት ሦስት ስም አድርገው አሥራ ሁለት ቦታ መደቡት፣ ከዚያ ዕጣ ጣሉበት። ኢክራም መርፌ ቁልፏን አወጣች፣ ሶልያና የሳጥን ቁልፏን፣ ሌላው ሳንቲም፣ ሌላው የፈትል እንዝርት ሰጠ፤ ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ አንድ ዘበኛ ከውጭ ጠርተው በየመደቡ ላይ አስጣሉ። ናሆም ይህን ሁሉ ቆሞ ሲያይ ቆየና ሳቀ። "ይሁን፤ አንድ ቀን አስረዳችኋለሁ" አለ። ያ አንድ ቀን ሳይመጣ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ በየእንቁጣጣሹ ዕጣ ይጣላል። ሶልያና አንድ ዓመት የመርከብ ኩባንያ ደረሳት፤ ዓመቱን ሙሉ ዐይታው ስለማታውቀው ባሕር ስትጸልይ ከረመች። ሌላ ጊዜ የጥርስ ሳሙና ፋብሪካ ደርሷት ሰፈሩን ሁሉ ጥርስ አስፋቀች፤ የእሷ ፋብሪካ ሳሙና ግን አገር ውስጥ አይሸጥም ነበር። ኢክራም የባትሪ ፋብሪካ በደረሳት ዓመት ፋብሪካው ወደቀ። እንዲህ ሲሆን የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ማንም ማንንም ሳያስታውስ አሥራ አንዱም ከየድርሻቸው ቆንጠር እያደረጉ መረቁላት።

ፋብሪካው ሰው ማሠራት ካቆመ በኋላ አሥራ ሁለቱን ቤታቸው ያቆያቸው ይህ ጥቅል ነው። በየወሩ የተረጋገጠ ገቢ የሌለው አረጋዊ ስልሳ አምስት ሲሞላው በቆላው ወደተሠራው የአረጋውያን መንደር ይወሰዳል። መንደሩ ንጹሕ ነው ይባላል፤ አልጋው ለስላሳ ነው፣ ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል። ከዚያ ተመልሶ ያማረረ ሰው የለም፤ ከዚያ የተመለሰም የለም። ዛሬ ሶልያና ፈተናውን ካለፈች ጥቅሉ በስሟ ይዞራል፤ የናሆምም ድርሻ ለባለቤቱ ለኤልዳና ይተርፋል። ከወደቀች ነገ ማታ ተሽጦ ወደ ሀገር ውስጥ ሰነድ ይገባል፤ በመጪው ወር መኪናው ይመጣል።

እሷን የመረጧት፣ ኤልዳና በናሆም ቦታ ተቆጥራ፣ አሥራ አንዱ ናቸው። "ለምን እኔ?" ብትላቸው ኢክራም "በሬ ስትመድቢ ቂም ያተረፍሽበት ቀን የለም" ብላ ዘጋችው። እውነት ነው፤ የፋሲካውን ቅርጫ መደብ የምታስተካክለው ሁልጊዜ ሶልያና ነበረች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኢክራም መጣች። ጃንጥላዋን በብብቷ ሸጉጣ በር ላይ ቆመች።

"ልብሽ እንዴት ነው?"

"ጎመን በጎመን ሆኗል።"

"አብሽሪ። በቦርከና ዳር ዞረን እንሄዳለን። በነኤልዳና ደጅ አናልፍም።"

"ሩቅ ነው እኮ።"

"ጉልበት ነው የሚደክመው፤ እሱን ጠባቂው አይመዘግበውም።"

በወንዙ ዳር ቀስ እያሉ ሄዱ። ኢክራም መንገዱን ሙሉ ስለ አማቷ ክፉ ክፉውን አወራች፤ የሶልያናን ልብ ከሐዘን ለመጠበቅ አማቷን መስዋዕት ማድረጓ ነበር። ሶልያና አልፎ አልፎ ሳቀች። በልቧ ግን ታመሰግን ነበር፤ ይህችን ሴት ከጎኗ ያቆመላትን አምላክ፣ ናሆምን፣ ሕጉን እንኳ ሳይቀር። ሕጉን የሚረግሙ ብዙ ናቸው፤ እሷ አትረግምም። ልጅ ሳለች አባቷ ከፋብሪካ ሲሰናበት የተሰጠውን ገንዘብ በሙሉ፣ በስልክ "በወር እጥፍ ይሆንልሃል" ላለው ለማያውቀው ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ እያለ ራሱን ሲሰድብ ነው የሞተው። ያን ጊዜ መዳፉን የሚያዳምጥ ግድግዳ ቢኖር ኖሮ እያለች ታስባለች።

የተራ ባለሀብቶች ጥበቃ ቢሮ በር ላይ ኢክራም ቀረች፤ አጃቢ አይገባም። "እዚሁ ነኝ" አለች፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ።

የተቀበለቻት ኤፍራታ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ነበረች። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም።

"ይግቡ እማማ። ደንቡን ያውቁታል?"

"ቀጠሮ ስይዝ ሁለት ጊዜ ነግራችሁኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳልደርስ ቀረሁ እንጂ።"

"እንደገና መንገር ግዴታዬ ነው። ትክክለኛ መልስ የሚባል የለም። የገባው ሰው ሌላውን ያስገባዋል ነው የሕጉ ሐሳብ። ከዚህ ሰሌዳ ጀርባ ዛሬ ጠዋት በዕጣ የተመረጠ አንድ ዜጋ አለ፤ ምስክር እንለዋለን። ስለ ጥቅል ሰምቶ አያውቅም። እርስዎ ያስረዱታል፤ ከገባው አረንጓዴውን፣ ካልገባው ቀዩን ይነካል። በመጨረሻ በራሱ ቃል መልሶ ለእኔ ይነግረኛል። ሦስት ቀይ ከመጣ አበቃ።"

"እሺ የኔ ልጅ።"

"ምስክሩን ማወቅ፣ መፈለግ፣ ማመስገን ክልክል ነው፤ ዛሬም ወደፊትም። ምስጋና እንደ ጉቦ ነው የሚቆጠረው። የሁለታችሁም ደረጃ ይሰረዛል፤ ንብረቱም ይወረሳል።"

ሰሌዳው ከታች ስንዝር ያህል ክፍት ነበር። በክፍቱ ሁለት እጆች ይታያሉ፤ የሠራተኛ ሰው እጆች ናቸው፤ የቀኙ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ተቆልምማ የቀረች፣ የማትዘረጋ። ድምፁን ማሽን ስለሚለውጠው የወንድ ይሁን የሴት፣ የወጣት ይሁን የሽማግሌ አይለይም።

ሶልያና ጉሮሮዋን ጠረገች። ከናሆም ወረቀት ላይ ለአንድ ወር በቃሏ ያጠናችውን ጀመረች።

"ጥቅል ማለት በልዩ ልዩ የምጣኔ ሀብት ዘርፎች የተሠማሩ ድርጅቶችን የካፒታል ድርሻ በተመጣጣኝ ስብጥር በመያዝ…"

ቀይ በራ።

"ማለቴ፣ የዋጋ መዋዠቅ የሚያስከትለውን ተጋላጭነት በ… በስብጥር አማካይነት…"

እጁ ትንሽ አመነታ። ቀይ።

ኤፍራታ ቀና ብላ አየቻትና መልሳ አቀረቀረች። በሶልያና ክንድ ላይ ያለው የጠባቂው አምባር ነዘር አለ፤ ልቧን እየቆጠረ ነው። ጎመን ልታስብ ሞከረች፤ ጎመኑ አልመጣም። የመጣው የናሆም ሳቅ ነው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "የሰው ቃል ነው የማወራው። እሱን ልተወውና በራሴ አፍ ልንገርዎ። ቅርጫ ያውቃሉ?"

"ስሙን ሰምቻለሁ፤ ገብቼ አላውቅም" አለ ድምፁ። አይፈረድበትም፤ ሥጋ በላስቲክ ታሽጎ ከፋብሪካ መምጣት ከጀመረ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ከነሶልያና በቀር ፈቃድ አውጥቶ በሬ የሚያርድ የሰፈር ሰው ጥቂት ነበር።

"አንድ በሬ ብቻዎን ይገዛሉ?"

"ከየት አምጥቼ?"

"እኔስ ከየት አምጥቼ። ስለዚህ ሰባት እንሆናለን። በፋሲካ ጠዋት ከድሮው ፋብሪካ አጥር ሥር በሬው ይታረዳል፣ ቅጠል ይነጠፋል፣ ሰባት ቦታ ይመደባል። ከሻኛው ሰባት ቦታ፣ ከጎድኑ ሰባት፣ ከጉበቱ ሰባት፣ ከጨጓራው ሰባት። ደስ የማይለውም ብልት ለሰባት ይከፈላል። አንዱ ሰው ጉበቱን በሙሉ ይዞ አይሄድም።"

"ለምን?"

"ጉበቱ የታመመ ቢሆንስ? ያ ሰው ቤቱ ባዶ እጁን ገባ ማለት ነዋ። ለሰባት ከተከፈለ ግን ከሁሉም ቤት ትንሽ ትንሽ ይጎድላል እንጂ ጦሙን የሚያድር አይኖርም። ጥቅልም እንደዚሁ ነው። በሬው ብዙ ኩባንያ ነው፤ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ…"

እዚህ ላይ ቆመች።

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ያደረጉት ነገር ፊቷ ላይ መጥቶ ተደቀነ። መቀሱ፣ የተቆራረጠው ወረቀት፣ ሦስት ሦስት ስም። ጉበቱን በሙሉ ለአንድ ሰው፣ ሻኛውን በሙሉ ለአንድ ሰው። በሬ ሲሆን የትኛውም ልጅ የሚያውቀውን ነገር፣ ወረቀት ስለሆነ ብቻ ገልብጠው ሲሠሩት ኖረዋል። ናሆም ቆሞ የሳቀው ለካ ለዚህ ነበር።

ዝም ብላ ማለፍ ትችል ነበር። ምስክሩ ሊገባው ተቃርቧል፤ እጁ ወደ አረንጓዴው ተጠግቷል። ከውጭ ኢክራም ጃንጥላዋን ዘርግታ ቆማለች፤ በቆላ መኪናው ተሰናድቷል። ግን በሬ ስትመድብ ሚዛን አዛብታ የማታውቅ ሴት ናት፤ ዛሬ ልታዛባ አልቻለችም።

"አንድ ነገር ልንገርዎ" አለች። "እኛ እንዲህ አላደረግንም።"

ኤፍራታ ቀና አለች።

"እኛ ስሞቹን ቆራርጠን ዕጣ ጣልንባቸው። ለእኔ መርከቡ፣ ለአንዱ መድኃኒት ፋብሪካው። ጉበቱን በሙሉ ለአንድ ሰው ሰጠን። አሁን እርስዎን ሳስረዳ ነው የታየኝ። ያልገባኝ እኔ ነኝ።"

አምባሩ ሁለት ጊዜ ነዘረ። እጁ ከአረንጓዴው ሸሽቶ ከሁለቱ መካከል ቆመ።

"የታመመው ጉበት ለማን ደረሰ?" አለ ድምፁ በመጨረሻ።

"ለጓደኛዬ። የባትሪ ፋብሪካ ነበር፤ ወደቀ።"

"ባዶ እጇን ገባች?"

"ኧረ ምን ሲባል። መረቅንላት።"

"ምን ማለት ነው?"

"ምራቂ ነዋ። መደቡ የከፋበት ሰው ሲኖር ሌላው ከራሱ ላይ አንሥቶ ይጨምርለታል። ይህ ጥንትም ያለ ነው፤ እኛ አላመጣነውም።"

"ስንቶቻችሁ ጨመራችሁላት?"

"አሥራ አንዳችንም።"

"እርስዎ መርከቡ ደርሶዎት ትርፉ የበዛ ጊዜስ?"

"ለከፋበት መረቅሁ። ብቻዬን ልበላው ነው እንዴ?"

የተቆለመመችው ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች።

"እንግዲያው" አለ ቀስ ብሎ፣ "ለጓደኛዎ ከሁሉም ኩባንያ ደርሷታል። ከመርከቡም ሁሉም ደርሷቸዋል። በመቀስ የለያያችሁትን በምራቂ መልሳችሁ ገጥማችሁታል።"

ሶልያና ይህን አስባው አታውቅም ነበር። ናሆም ግን አስቦታል፤ አሁን እርግጠኛ ሆነች። ስህተታቸውን ያላረመው ሰንፎ አይደለም። ቢያርመው ኖሮ ማንም ለማንም የሚመርቅበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ዐይኗ እንዳይሞላ ጥርሷን ነከሰች።

"አንድ ልጠይቅ" አለ ድምፁ። "በሬው ራሱ ሳይታረድ ቢሞትስ?"

"ያን ጊዜ ሁላችንም እንጾማለን። እሱ ይሆናል፤ አይሆንም ብዬ አልዋሽዎትም።"

እጁ ወደ ግራ ሄደ። አረንጓዴ በራ።

"ለእኔ በራስዎ ቃል ይንገሩኝ" አለች ኤፍራታ ወደ ሰሌዳው።

"ጥቅል ማለት ማንም ጉበቱን ለብቻው የማይወስድበት በሬ ነው" አለ ምስክሩ። "በሬው ሊሞት ይችላል። አንዱ ብልቱ ቢታመም ግን ማንም ብቻውን አይራብም።"

ኤፍራታ ጻፈች። ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ ወይም ለሶልያና እንዲያ መሰላት። ከዚያ ቀና ብላ "ደረጃዎ አምስት ሆኗል እማማ። ጥቅሉ ከዛሬ ጀምሮ በስምዎ ነው" አለች። "የወረቀቱን ዕጣ እንዳትተዉት። ሕጉ አይከለክልም፤ አይቼዋለሁ" ስትል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

ሶልያና ወደ ሰሌዳው ዞረች። "እግዚአብሔር ይ…" ብላ ስትጀምር ኤፍራታ እጇን አነሣች። ምርቃቱ አፏ ውስጥ ቀረ። ስንዝር በምታህለው ክፍት እጆቹ ተነሥተው ሲሄዱ አየች፤ በጓሮ በኩል በር ተከፍቶ ተዘጋ።

በር ላይ ኢክራም ፊቷን አየች። ጃንጥላዋን አጠፈችና "በየት እንሂድ?" አለች።

"በናሆም ደጅ።"

ኤልዳና ለነገው ዐርባ ግቢዋን እያስጠረገች ነበር። ጫማዎቹ አሁንም ከበሩ ሥር ናቸው። ሶልያና ደፉ ላይ ቁጭ አለች፤ አንዱን ጫማ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችና አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ ዕንባ አይገድም፤ የሠላሳ ዘጠኝ ቀኑ ዕንባ መጣ። ኢክራምም አለቀሰች፣ ኤልዳናም መጥረጊያዋን ይዛ አለቀሰች። አምባሩ በለሰለሰ ድምፅ "ሐዘን ተመዝግቧል፤ ሂሳብዎ ለሦስት ቀን ተዘግቷል" አለ።

"ይዘጋ" አለችው ሶልያና። "ደግ አደረግህ። ይዘጋ።"

የቀረው የምስጋናው ጉዳይ ነው። ዐርባው ካለፈ በኋላ አሥራ ሁለቱ ተሰብስበው መከሩበት። ያን ሰው መፈለግ አይቻልም፤ ማመስገን አይቻልም። ግን ለአሥራ ሁለት ቤት ጣራ ያቆመ ሰው ድርሻ ሳይወጣለት በሬ ቢታረድ የማን ጉሮሮ ያስውጠዋል? ሙስሊም ይሁን ክርስቲያንም አያውቁም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይሁን ተባለ። ለአረፋ ከነኢክራም ቅርጫ አንድ ትርፍ መደብ ይወጣል፤ ለፋሲካ ከነሶልያና። ዕጣ ሲጣል በእሱ ላይ ቁልፍም ሳንቲምም አይቀመጥበትም። በአጥሩ ሥር መጀመሪያ ላለፈ ሰው ይሰጣል፤ መንገደኛን መጋበዝ በሕግ አልተከለከለም።

በመጀመሪያው ፋሲካ ወደ ደሴ መኪና ያመለጣት ሴት ወሰደችው። በአረፋው ለአንድ ለማኝ ደረሰ። በሁለተኛው ዓመት ከሠርግ የሚመለሱ ባልና ሚስት ተካፈሉት። ሶልያና ሥጋውን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ስትሰጥ ሁልጊዜ እጃቸውን ታያለች። ጣቶቹ ሁሉ ይዘረጋሉ። ቢሆንም ሁሉንም "እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ" እያለች ከልቧ ሸኘች፤ ለእሱ ያልደረሰው ምስጋና ለእነሱ ደረሳቸው።

በሦስተኛው ፋሲካ ጠዋት ሁሉም መደቡን ይዞ ከሄደ በኋላ ሶልያና ቅጠሉን ስትሰበስብ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ረጅም ሰው በአጥሩ ሥር መጣ። የሥራ ልብሱ ታጥቦ ተተኩሷል። ሊያልፍ የሚመስል ግን የማያልፍ አረማመድ ነበረው።

"እንኳን አደረሰህ" አለችው። "መንገደኛ ነህና ይህ የአንተ ነው።"

"እንኳን አብሮ አደረሰን፣ እናቴ።"

ጥቅሉን ለመቀበል ቀኝ እጁን ዘረጋ። ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ተቆልምማ ቀርታለች።

ሶልያና ቀና ብላ ፊቱን አየችው። አምባሩ በክንዷ ላይ ነዘር አለ፤ የእሱም በእሱ ክንድ ላይ። ሁለቱም አምባሮች ልባቸውን ይቆጥራሉ፣ ቃላቸውን ይሰማሉ። ከሁለት ዓመት በላይ አፏ ውስጥ የቆየው ምርቃት ጥርሷ ድረስ መጣ፤ ዋጠችው።

ሰውየው ጥቅሉን በእጁ መዘን አደረገና "ምራቂውስ?" አለ።

ማንም ገበያተኛ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ ለየትኛውም ጠባቂ ምንም አይነግረውም።

ሶልያና ጎንበስ ብላ ከራሷ መደብ ሻኛውን አነሣች፤ ጨመረችለት።